የአውስትራሊያ አምባዛ ዓሦች፦ እንዴት ይለያሉ? በቤት ውስጥ ገንዳስ እንዴት ይያዛሉ?

በአውስትራሊያ የጌጥ ዓሣ ሱቆች ውስጥ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ቅርፊት የሌላቸውና በአፋቸው ዙሪያ ጢም ያበቀሉ ትንንሽ ዓሦች ይሸጣሉ። ለማያውቃቸው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከእነዚህ አንዱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም፤ ሌላው ደግሞ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሊረዝምና 7 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል።

ስለዚህ "አምባዛ" የሚለው የወል ስም ብቻውን ለገዢው ብዙ አይነግረውም። የገንዳውን ስፋት፣ የውኃውን ሙቀት፣ አብረው የሚኖሩትን ዓሦች፣ ሌላው ቀርቶ ዓሣውን መያዝ በሕግ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ትክክለኛው የዝርያ ስም ነው። ዝርያውን ሳይለይ የገዛ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለማኖርም ለማስወገድም የሚከብድ ዓሣ እጁ ላይ ሊቀር ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የአውስትራሊያ አገር በቀል የንጹህ ውኃ አምባዛዎች እንዴት እንደሚለዩ፣ በቤት ውስጥ ሲያዙ ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ በተፈጥሮ መኖሪያቸው ያሉበትንም ሁኔታ ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምባዛ ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በኢትዮጵያ አምባዛ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚገኘውን፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ገላው ረዥምና ለስላሳ የሆነውን ዓሣ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል። ሆኖም ይህ ዓሣ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሺህ በላይ ዝርያዎች ካሉት ሰፊ ወገን አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍም አምባዛ የሚለው ቃል መላውን ወገን ያመለክታል።

አውስትራሊያ ከሌሎች አህጉራት ተለይታ ለረዥም ዘመን የቆየች ምድር በመሆኗ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሞሉት ልዩ ልዩ የአምባዛ ቤተሰቦች በዚያ የሉም። በአገሪቱ ወንዞችና ሐይቆች የሚገኙት አገር በቀል አምባዛዎች ከሁለት ቤተሰቦች ብቻ የሚመደቡ ሲሆን፣ ሁለቱም በባሕር የሚኖሩ ዘመዶች አሏቸው። የወንዞቹ ዝርያዎች ከባሕር ወደ ንጹህ ውኃ ከገቡ ጥንታዊ ዓሦች የመጡ ናቸው።

ከኢትዮጵያው አምባዛ ጋር ያላቸው አንድ ልዩነት ለገንዳ ባለቤት ትልቅ ትርጉም አለው። ክላሪያስ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ የሚያስችል ተጨማሪ አካል ስላለው ጭቃ በሆነና ኦክስጅን ባነሰው ውኃ ውስጥ እንኳ ይሰነብታል። የአውስትራሊያዎቹ ይህ ጸጋ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ቢቆም የውኃው ኦክስጅን እያለቀ ይሄዳል፤ እነርሱም ይታፈናሉ። "አምባዛ ጠንካራ ነው፤ ሁሉን ይችላል" የሚለው ልማዳዊ እምነት ለእነዚህ ዓሦች አይሠራም።

ሁለቱ ቤተሰቦች በምን ይለያሉ?

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጅራቱ ነው። የመጀመሪያው ቤተሰብ ፕሎቶሲዴ የሚባለው ሲሆን፣ እዚህ "ጅራተ ሹል" ብለን እንጠራዋለን። በዚህ ቤተሰብ ዓሦች ላይ የተለየ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጅራት አይታይም። በጀርባ በኩል ያለው ሁለተኛ ክንፍና ከሆድ ሥር የሚነሳው ረዥም ክንፍ ከጅራቱ ጋር ተጋጥመው አንድ ወጥ ጠርዝ ይሠራሉ። የኋለኛው የሰውነት ክፍል እየቀጠነ ሄዶ እንደ እባብ ጅራት ይሾላል። በአፍ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢሞች አሉ።

ሁለተኛው ቤተሰብ አሪዴ ይባላል፤ እኛ "ጅራተ መንታ" እንለዋለን። ጅራቱ እንደ መንታ መንገድ ለሁለት የተከፈለ ነው። በጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብሎ፣ አጥንት የሌለው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ይታያል። ጢሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጥንድ ናቸው። ሰውነቱ ብርማ ወይም ሰማያዊ ግራጫ ሲሆን፣ መሬት ላይ ከመጋደም ይልቅ በውኃው መካከል ዘወትር መዋኘት ይወዳል።

በሁለቱም ቤተሰቦች በፊተኛው የጀርባ ክንፍ መነሻ ላይ አንድ፣ በሁለቱ የደረት ክንፎች መነሻ ላይ አንድ አንድ ጠንካራ እሾህ አለ። ገላቸው ቅርፊት የለውም። በሱቅ የሚታየው ዓሣ በጎኑ ላይ እንደ ጥሩር የተደረደሩ ጠንካራ ሰሌዳዎች ካሉት፣ ወይም አፉ ከሥር ሆኖ መስታወት ላይ እንደ መምጠጫ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ይበል ምን የአውስትራሊያ ዓሣ አይደለም። እነዚህ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ የጌጥ አምባዛዎች ናቸው።

ጅራተ ሹሎቹ፦ ከትንሹ እስከ ትልቁ

ከዚህ ቤተሰብ በይበልጥ የሚታወቀው ታንዳን የሚባለው ነው። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ታንዳነስ ታንዳነስን፣ ያገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ የመሬት ቅየሳ ኃላፊ የነበረው አሳሽ ሜጀር ቶማስ ሚቸል እአአ በ1838 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። "ታንዳን" የሚለውን ቃል ሚቸል የመዘገበው ከአካባቢው ቀደምት ሕዝቦች ሰምቶ ነው። ዓሣው ከአውስትራሊያ የቆዳ ስፋት 14 በመቶ ገደማ በሚሸፍነው የመሪ-ዳርሊንግ ተፋሰስ እና በምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ ወንዞች ይኖራል።

ታንዳን ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ ዝንጉርጉር ነጠብጣቦች አሉት። ዋናው መለያው ሁለተኛው የጀርባ ክንፍ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ከፊተኛው ክንፍ እምብዛም ሳይርቅ፣ ከሰውነቱ መካከል ገደማ ተነስቶ ሳይቋረጥ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይዘልቃል። እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ቢችልም አብዛኞቹ ከ50 ሳንቲ ሜትርና ከ2 ኪሎ ግራም በታች ናቸው። ለቤት ገንዳ ግን ይህም ቢሆን እጅግ ትልቅ ነው።

ተመራማሪዎች ቀድሞ አንድ ይመስላቸው የነበረው ታንዳን በውስጡ ሌሎች ዝርያዎችን ይዞ መገኘቱን ካረጋገጡ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም። በ2014 በሰሜን ኩዊንስላንድ ርጥብ ሞቃታማ አካባቢ የሚኖረው ታንዳነስ ትሮፒካነስ፣ በ2017 ደግሞ በኒው ሳውዝ ዌልስ ከቤሊንገር ወንዝ ስሙን ያገኘው ታንዳነስ ቤሊንገረንሲስ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ሆነው ተሰየሙ። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያም ታንዳነስ ቦስቶኪ የተባለ፣ በአካባቢው "ኮብለር" የሚባል ሌላ ዘመድ አለ። እነዚህን በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል፤ አስተማማኙ ማስረጃ ዓሣው የመጣበት ወንዝ ነው።

ለቤት ገንዳ በይበልጥ የሚመቹት የኸርትል ታንዳን እና የሬንዳህል አምባዛ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ኒኦሲሉረስ ኸርትሊ፣ በኦስትሪያዊው የሰውነት አካላት ሊቅ በዮሴፍ ኸርትል ስም የተጠራ ነው። በሰሜናዊ አውስትራሊያ በስፋት የሚገኝ ሲሆን፣ በመካከለኛው አገር ደረቅ ምድር በሚያልፉት የአየር ሐይቅ ተፋሰስ ወንዞችም ይኖራል። ቀለሙ ከብርማ እስከ ወርቅማ ቡናማ ይደርሳል፤ ክንፎቹ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ናቸው። ከታንዳን በተለየ ሁኔታ ሁለተኛው የጀርባ ክንፉ የሚጀምረው ወደ ኋላ ርቆ ነው። በዚህም የተነሳ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ጀርባ ሰፋ ብሎ ባዶ ይታያል። በተፈጥሮ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

የሬንዳህል አምባዛ፣ ፖሮኪለስ ሬንዳህሊ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች የሚቀር ሰላማዊ ዓሣ ነው። ቦታው ለጠበበ ቤት ከአገር በቀሎቹ ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

በሌላ ወገን፣ ጥቁር አምባዛ የሚባለው ኒኦሲሉረስ አተር ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ጥርስ አልባው አምባዛ፣ አኖዶንቲግላኒስ ዳህሊ፣ የወንዝ ወለል አሸዋ እየበጠረ ትልና ቀንድ አውጣ የሚለቅም ሲሆን እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በ1998 የተሰየመው የኩፐር ክሪክ አምባዛ ደግሞ በዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ የወንዝ ሥርዓት ውስጥ ብቻ ነው። ጥቂት፣ ነገር ግን ትልልቅ እንቁላሎችን የሚጥል በመሆኑ ቁጥሩ ከቀነሰ በቀላሉ አያገግምም። እንዲህ ያለው ዓሣ በጌጥ ገንዳ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጅራተ መንታዎቹ፦ ውበታቸውና ችግራቸው

የጅራተ መንታው ቤተሰብ ልጆች እንደ ትናንሽ ሻርኮች ቀጥ ብለው ስለሚዋኙ ዓይን ይስባሉ። በሰሜን አውስትራሊያና በኒው ጊኒ የሚኖሩት ኒኦአሪየስ ግራፌይ እና ኒኦአሪየስ በርኒይ በጌጥ ዓሣ ገበያ አልፎ አልፎ ይታያሉ። ሁለቱም ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉ። ግራፌይ ከወንዝ እስከ ባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውኃ ድረስ ይገኛል።

በዚሁ ዘር የሚመደበውና በምዕራብ አውስትራሊያ በአርጋይል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለገበያ የሚጠመደው ብርማ ኮብለር ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ገና ጣት ሲያክሉ እነዚህን ዓሦች አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሻጩ የዝርያውንና የመጣበትን አካባቢ ስም መናገር ካልቻለ ገዢው ሊወስደው የሚገባው ግምት ትልቁን ነው፤ "ምናልባት ትንሹ ይሆናል" ብሎ መግዛት ግን በዓሣው ሕይወት መቆመር ነው።

የዚህ ቤተሰብ አባት ዓሣ እንቁላሎቹንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ለሳምንታት በአፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል፤ በዚህ ጊዜ ምግብ አይቀምስም። በቤት ገንዳ ይህን ማየት ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ለመራባት የሚደርሱት ከብዙ ገንዳዎች አቅም በላይ ከሆኑ በኋላ ነው።

ገንዳው ምን ያህል መሆን አለበት?

የገንዳ መጠን በቀላል ስሌት ይታወቃል፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝተው ለአንድ ሺህ ሲካፈሉ ሊትሩ ይገኛል። 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገንዳ 243 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ውኃው ብቻ 243 ኪሎ ግራም ነው። መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲታከሉበት ተራ የቤት ጠረጴዛ የሚሸከመው አይደለም።

ይህ መጠን ለጥቂት የሬንዳህል አምባዛዎች ይበቃል። ለኸርትል ታንዳን ቡድን ከ300 ሊትር በላይ፣ በተለይም ወርዱ ሰፋ ያለ ገንዳ ይመረጣል። ለአዋቂ ታንዳን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዓሣ ቀና ብሎ መዞር አይችልም። 240 በ90 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 1 ሺህ 296 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ወይም በግቢ ውስጥ የተሠራ ኩሬ ነው የሚያስፈልገው። "ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል" የሚለው አባባል ስህተት ነው። በጠባብ ገንዳ የሚቀጭጨው ዓሣ ከቦታው ጋር ስለተስማማ ሳይሆን ጤናው ስለታወከ ነው።

የገንዳው ወለል ደቃቅ አሸዋ ወይም የተድቦለቦለ ለስላሳ ጠጠር ይሁን። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በጢሙ እየዳሰሰ ነው፤ ስለታም ጠጠር ጢሙን ይቆርጠዋል፤ ቁስሉም ለተዋህስያን በር ይከፍታል። እነዚህ ዓሦች በአብዛኛው የሌሊት ተንቀሳቃሾች ስለሆኑ ቀን የሚሸሸጉበት ያስፈልጋቸዋል። ውኃ ውስጥ ቆይቶ የከበደ ግንድ፣ የሸክላ ቱቦ ወይም የድንጋይ ዋሻ ለእያንዳንዱ ዓሣ ቢያንስ አንድ መኖር አለበት። ድንጋይ ሲቀመጥ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ይደላደል፤ ከሥሩ አሸዋው ሲማስ ተንዶ ዓሣውን ወይም መስታወቱን ሊመታ ይችላልና። ዓሣው ደንግጦ ሊዘል ስለሚችል ገንዳው ጠበቅ ያለ ክዳን ይኑረው።

ውኃ፦ ከዓሣው በፊት የሚዘጋጀው

አዲስ ገንዳ ተሞልቶ በዚያው ቀን ዓሣ ሊገባበት አይገባም። ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም አደጋው ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በውኃ መመርመሪያ ሲለካ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑ ገንዳው ዝግጁ ነው።

አምባዛ ብዙ የሚበላና ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ ዓሣ ስለሆነ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን መቀየር ይመከራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ሊኖረው ይችላል። ክሎሪን ውኃው ተቀድቶ ሲቆይ ይተናል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይተንም። በመሆኑም ለዚህ የሚሸጠውን ማርከሻ መጠቀም የበለጠ አስተማማኝ ነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ይታጠብ።

ሙቀቱን የሚወስነው ዝርያው ነው። የሰሜኖቹ፣ ማለትም የኸርትል ታንዳንና የሬንዳህል አምባዛ፣ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማቸዋል፤ በቀዝቃዛ ከተማ ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። የመሪ-ዳርሊንጉ ታንዳን ደግሞ የወቅቶችን መፈራረቅ የለመደ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ክረምትን ይችላል፤ ለእርሱ የሚከፋው ረዥም የበጋ ሙቀት ነው። ምክንያቱም ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ንጹህ ውኃ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በእጅ መያዝ የዓሦቹን ሕይወት ያተርፋል።

ምግብና የገንዳ ጎረቤቶች

በወንዝ ውስጥ እነዚህ አምባዛዎች የነፍሳት እጭ፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ ትልና ትንንሽ ዓሣ ይበላሉ። በገንዳ ወደ ታች የሚሰምጥ ደረቅ የዓሣ ምግብ፣ የቀዘቀዘ የነፍሳት እጭ፣ ተቆራርጦ የተሰጠ ሽሪምፕና በመድኃኒት ያልተበከለ የምድር ትል ይስማማቸዋል። ምግቡ የሚሰጠው መብራት ከጠፋ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀን ከተሰጠ የላይኞቹ ፈጣን ዓሦች ጨርሰውት አምባዛው ጾሙን ያድራል። የተረፈው ምግብ በማግሥቱ ጠዋት መነሳት አለበት።

ጎረቤት ሲመረጥ ደንቡ ቀላል ነው፤ በአምባዛው አፍ ውስጥ የሚገባ ሁሉ አንድ ሌሊት መግባቱ አይቀርም። እንደ አምባዛዎቹ ሁሉ የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆኑትና ሜላኖቴኒያ የሚባሉት ባለ ቀስተ ደመና ዓሦች፣ አዋቂ ከሆኑ፣ ለኸርትልና ለሬንዳህል ጥሩ ጎረቤት ይሆናሉ። እነርሱ የላይኛውን ውኃ፣ አምባዛዎቹ የታችኛውን ይይዛሉ። እጅግ ትንንሽ ዓሦችንና ሽሪምፖችን ከትልልቅ አምባዛዎች ጋር ማኖር ግን ምግብ እንደማቅረብ ይቆጠራል።

መርዛማው እሾህ

በጀርባና በደረት ክንፎች ላይ ያሉት እሾሆች በመርዝ ዕጢ የታገዙ ናቸው። የሚያስከትሉት ሕመም እጅግ ብርቱ ነው፤ ቦታው ያብጣል፤ ተሰብሮ የቀረ የእሾህ ስባሪም ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዓሣውን በባዶ እጅ መያዝ አይገባም። በመረብ ማውጣትም አይመከርም፤ እሾሁ በመረቡ ክር ተጠላልፎ ዓሣውንም ሰውየውንም ይጎዳል። የሚሻለው ዓሣውን ቀስ ብሎ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ እየመሩ ከነውኃው ማውጣት ነው።

የተወጋ ሰው ቁስሉን አጥቦ፣ የተጎዳውን እጅ ወይም እግር ሊታገሠው በሚችለው፣ ነገር ግን ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሊነክር ይገባል። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሣል። ውኃው እንዳያቃጥል አስቀድሞ ባልተጎዳው እጅ መሞከር አለበት፤ የሚያመው ቦታ ሙቀቱን በትክክል ላይለይ ይችላልና። ከዚያም የእሾህ ስባሪ አለመቅረቱን ለማረጋገጥ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና ለሌላ ሕክምና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመተንፈስ ችግር፣ ማዞር ወይም የሚዛመት እብጠት ከታየ ጊዜ መስጠት አይገባም።

በሽታና መድኃኒት

ቅርፊት የሌለው ገላ ለጥገኛ ተዋህስያንም ለመድኃኒትም የተጋለጠ ነው። በብዛት የሚታየው በገላና በክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ነው። ለዚህ የሚሸጡት መዳብ ወይም ማላካይት ግሪን የተባለው ቀለም ያለባቸው መድኃኒቶች ለአምባዛ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ያይላሉ። መድኃኒቱ ቅርፊት ለሌላቸው ዓሦች የሚሆን መሆኑና መጠኑ በመመሪያው መረጋገጥ፣ አጠራጣሪ ከሆነም የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ አለበት። አዲስ የተገዛ ዓሣን ለጥቂት ሳምንታት በተለየ ገንዳ ማቆየት ብዙውን በሽታ ከበር ይመልሳል።

የጢም ማጠር ወይም መቁሰል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ውኃው የሚናገር ምልክት ነው። ወለሉ ስለታም ካልሆነ ናይትሬቱ መጨመሩን ወይም በአሸዋው ሥር ቆሻሻ መከማቸቱን መመርመር ያሻል።

ወንዙ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

በቤት ውስጥ ዝርያውን ማወቅ ለምን ግድ እንደሚል በይበልጥ የሚገባን ታንዳን በገዛ ወንዙ ያለበትን ሁኔታ ስናይ ነው። በጸደይና በበጋ፣ ውኃው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሲደርስ፣ ወንዱ ታንዳን ከጠጠርና ከድንጋይ ክብ ጎጆ ይሠራል። የጎጆው ስፋት ከግማሽ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ሴቷ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች፤ ወንዱም እስኪፈለፈሉ ድረስ በክንፉ እያራገበ፣ ጠላት እየመለሰ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥርዓት በሰው ሥራ ተናግቷል። ትልልቅ ግድቦች ከሥራቸው የሚለቁት ቀዝቃዛ ውኃ የመራቢያውን ሙቀት ያሳጣል። ድንገት የሚወርድ የውኃ ከፍታ ጎጆውን በደረቅ ያስቀረዋል። ከተራቆተ መሬት የሚመጣ ደለል ጠጠሩን ይደፍናል። ከውጭ የገባው ካርፕ የተባለ ዓሣም በተፋሰሱ ተሰራጭቶ የወንዙን ወለል እያመሰ ይሻማዋል። በዚህም የተነሳ የመሪ-ዳርሊንግ ታንዳን በኒው ሳውዝ ዌልስና በቪክቶሪያ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል፤ በደቡብ አውስትራሊያም በሕግ የተጠበቀ ነው።

ስለዚህ ታንዳንን ከወንዝ አጥምዶ ወደ ቤት መውሰድ በእነዚህ አካባቢዎች ሕግን መጣስ ሊሆን ይችላል። ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ የአካባቢውን የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። ሕጋዊው መንገድ ፈቃድ ባላቸው ማራቢያዎች የተፈለፈለ ዓሣ መግዛት ነው። የአገሪቱን አገር በቀል እንስሳት ወደ ውጭ መላክም በ1999 በወጣው የአካባቢ ጥበቃና የብዝኃ ሕይወት ሕግ ቁጥጥር ይደረግበታል። ከአውስትራሊያ ውጭ የሚኖር ገዢ የዓሣውን ሕጋዊ ምንጭ የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያደገውን ዓሣ "ወደ ተፈጥሮው እመልሰዋለሁ" ብሎ በአቅራቢያ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ነው። ከላይ እንደተገለጸው አንድ ይመስል የነበረው ታንዳን በየወንዙ የተለያየ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። ከአንዱ ተፋሰስ የመጣ ዓሣ በሌላው ሲለቀቅ ከአካባቢው ዘመዱ ጋር ሊዳቀል፣ በሽታም ሊያዛምት ይችላል። ዓሣው አገር በቀል መሆኑ በየትኛውም የአገሪቱ ወንዝ ውስጥ ባለ መብት አያደርገውም።

በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ያለው ዘመድ

የተሳሳተ ውኃ ውስጥ የገባ አምባዛ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ለቀጣናችን ቅርብ ነው። ከጅራተ ሹሉ ቤተሰብ አንዱ፣ ፕሎቶሰስ ሊኒያተስ የተባለው ባለ መስመር የባሕር አምባዛ፣ ከአውስትራሊያ ዳርቻዎች እስከ ምሥራቅ አፍሪካና ቀይ ባሕር ድረስ ይኖራል። ጥቁር ቡናማ ገላው ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚዘልቁ ሁለት ነጭ ወይም ቢጫማ መስመሮች አሉት። ትንንሾቹ በመቶዎች ሆነው እንደ ኳስ ተጠቅልለው ሲዋኙ ስለሚያምሩ በባሕር ውኃ ገንዳዎችም ይያዛሉ።

ይህ ዓሣ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ዘልቆ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእስራኤል ዳርቻ ተመዝግቧል። በዚያ በፍጥነት ተራብቶ በመረብ የሚያነሱትን ዓሣ አጥማጆች በመርዛማ እሾሁ ይወጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ከወራሪ ባዕድ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባው በአባል አገራቱ ማስገባት፣ መሸጥና መያዝ ክልክል ነው። በቀይ ባሕር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ወይም በእስራኤል ዳርቻ የሚያጠምድ ሰው ሹል ጅራትና ሁለት መስመር ያለው ዓሣ ካገኘ በእጁ አይንካው፤ ከተወጋም ከላይ የተገለጸውን የሙቅ ውኃ እርዳታ ይጠቀም።

ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለባቸው

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለሻጩ አራት ጥያቄዎች ማቅረብ ይችላል። የዝርያው ሙሉ ስም ማን ነው? ከየት ወንዝ ወይም ከየትኛው ማራቢያ መጣ? ሲያድግ ምን ያህል ይረዝማል? ዓሣው ከገንዳዬ በላይ ቢሆን መልሳችሁ ትረከቡኛላችሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዓሣው ያደገበት ሰው ለሱቁ፣ ትልቅ ገንዳ ላለው ሌላ አሳዳሪ ወይም ለዓሣ አሳዳሪዎች ማኅበር ሊያስረክበው ይችላል። ተቀባይ ካልተገኘ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይቀራል። ወደ ወንዝ መውሰድ ግን በየትኛውም ሁኔታ ከአማራጮቹ አንዱ አይደለም። ለአራቱም ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ካልተገኘ ዓሣውን በሱቁ መተው ይሻላል።